ስኪ ለጎጃም ምን ይሠራል?

ጎጃም ውስጥ የሚያንሸራትት ነገር ቢኖር የሐምሌ ጭቃ ነው። በረዶ ከተባለም የእኛ በረዶ ገበሬው በቆሎውና ጤፉ ላይ እንዳይወርድ አምላኩን የሚለማመንበት መዓት ነው፤ እግሩ ላይ እንጨት አስሮ የሚጫወትበት ሰው አላየንም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የስኪ ውድድር ልናወራ ነው ስንል "ምነው፣ እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ብቻ ታገሡን። ወሬያችን ከበረዶ ይነሣና ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ያርፋል።

ለማያውቀው እንንገር። ስኪ ጫማ ላይ የሚታሰሩ ሁለት ረጃጅምና ጠፍጣፋ ነገሮች ይዞ በበረዶ ላይ የሚካሄድ ስፖርት ነው። ኮሌጆቹ የሚወዳደሩት በሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከተራራ አናት ተነሥቶ፣ በተተከሉ ምልክቶች መሃል እየተጠማዘዙ ቁልቁል መውረድ ነው። ሁለተኛው ሜዳውንም አቀበቱንም በራስ ጉልበት እየገፉ ብዙ ኪሎ ሜትር መጓዝ ነው። ይሄኛው አገር አቋራጭ ስኪ ይባላል። ስሙ የእኛን አገር አቋራጭ ሩጫ ያስታውሳል፤ ባሕርይውም እንደዚያው ነው። ሳንባ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ አቀበት ላይ ሰውን ከሰው ይለያል። እንግዲህ ሳንባና አቀበት ከተነሣ የጎጃም ሰው ጨርሶ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

በዚህ ስፖርት ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ አለ። ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልንበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሮቤል በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። ስኪ የተማረው በኒው ዮርክ ግዛት፣ የክረምት ኦሎምፒክን ሁለት ጊዜ ባስተናገደችው በሌክ ፕላሲድ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ። በየካቲት 2006፣ በ31 ዓመቱ፣ ቱሪን ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ይዞ ገባ። በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ የቡድኑ አባል እሱ ብቻ ነበር፤ ባንዲራ ያዡም እሱ፣ ተወዳዳሪውም እሱ። በ15 ኪሎ ሜትር ከኋለኞቹ መካከል ገባ፤ ሆኖም መስመሩን አልፎ ገባ። ከእሱ በኋላ በ2014፣ በ2018ም ሆነ በ2022 ኢትዮጵያ ተወዳዳሪ አልነበራትም።

በነገራችን ላይ፣ "የክረምት ኦሎምፒክ" የሚለው ስም ራሱ ለእኛ ያስቃል። የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብና ጭቃ፣ ዣንጥላና ቆሎ። የእነሱ ክረምት ደግሞ በእኛ በጋ ነው የሚውለው፤ ገበሬው እህሉን ወቅቶ ጎተራ ባስገባበት፣ ሜዳው በደረቀበት ወራት። ይህቺን ነገር ያዙልን፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ጥያቄው ይኼ ነው። ሮቤልን ማን ፈጠረው? የግል ጽናቱ አንዱ መልስ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ጽናት ብቻውን ልጅን ውድድር አያለማምደውም። ሮቤል የተወዳደረለት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ማኅበር ውስጥ ነው፤ የምሥራቅ ኮሌጆች የስኪ ማኅበር ልንለው እንችላለን። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያሉ ኮሌጆች በየክረምቱ እርስ በርስ የሚገጥሙበት ማኅበር ነው። ዳርትመዝ አለ፣ ቨርሞንት አለ፣ ሚድልበሪ፣ ዊሊያምስ፣ ቤትስ፣ ቦዶይን አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቤትስና ቦዶይን ያላቸው ተማሪ 2,000 እንኳን አይሞላም። እኛ ዘንድ ይህን ያህል ተማሪ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ነው። እነዚህ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በአንድ መስመር ይነሣሉ።

ነገሩ የጀመረው ከተማሪ ነው። በ1909 ፍሬድ ሃሪስ የተባለ የዳርትመዝ ተማሪ ጓደኞቹን ሰብስቦ ከቤት ውጭ የሚንቀሳቀስ ክበብ አቋቋመ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በክረምት ሁሉም ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ምድጃ ሲሞቅ አይቶ ተሰላቸ። በ1911 ክበቡ የክረምት ካርኒቫል የሚባል ዓመታዊ በዓል ጀመረ። ሌሎቹ ኮሌጆችም ተከተሉ። ዛሬም ድረስ የምሥራቁ ማኅበር ውድድሮች "ካርኒቫል" ነው የሚባሉት። አሠራሩ እንደ ማኅበር ድግስ ነው፤ ዛሬ በእኔ ቤት፣ በሚቀጥለው ሳምንት በአንተ ቤት። ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ተረኛው ኮሌጅ ያዘጋጃል፣ ሌሎቹ በመኪና ተጭነው ይመጣሉ፣ ይወዳደራሉ፣ ነጥብ ይቆጠራል፣ ሰኞ ሁሉም ክፍል ይገባል።

ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠር ልብ በሉ፤ የጽሑፋችን እምብርት እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ሩጫ ከአንድ ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ነጥብ ያስገኛሉ። የወንዱና የሴቷ ነጥብ፣ የቁልቁለቱና የአገር አቋራጩ ነጥብ ተደምሮ አንድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጀግና ይዞ የመጣ ኮሌጅ አያሸንፍም። ጀግናው አንደኛ ወጥቶ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው 40ኛና 45ኛ ከገቡ ቡድኑ ወደቀ። ሴቶቹን ችላ ያለ ኮሌጅም ወደቀ። በአገር አቀፉ የኮሌጆች ሻምፒዮናም እንዲሁ ነው። ሻምፒዮናው በ1954 ሲጀመር የወንዶች ብቻ ነበር፤ ከ1983 ጀምሮ ወንዱና ሴቷ በአንድ ዋንጫ ሥር ይደመራሉ።

ስኬቱስ? እውነቱን እንናገር። ዋንጫ ብቻ ከቆጠርን ምሥራቆቹ በምዕራቦቹ ይበለጣሉ። ከሮኪ ተራሮች ሥር ያለው የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ከ20 በላይ የአገር አቀፍ ዋንጫ አለው። ከምሥራቅ ዋንጫውን የወሰዱት ሁለት ናቸው፤ ቨርሞንት 6 ጊዜ፣ ዳርትመዝ 3 ጊዜ፤ ከሦስቱ አንዱንም ተጋርቶ ነው። የዳርትመዝ የመጨረሻው 2007፣ የቨርሞንት የመጨረሻው 2012 ነበር። የምዕራቦቹን ዋንጫ ስናይ ደግሞ፣ ብዙዎቹ ቡድኖች ከኖርዌይና ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች በመጡ ልጆች የተጠናከሩ መሆናቸውን መርሳት የለብንም። ኳስ የሚወድ አንባቢያችን ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ዋንጫ በግዢም ይመጣል።

የምሥራቆቹ ስኬት የሚታየው ከዋንጫው መደርደሪያ ውጭ ነው። ከመጀመሪያው የ1924 የክረምት ኦሎምፒክ ጀምሮ የዳርትመዝ ሰው ያልተገኘበት የክረምት ኦሎምፒክ የለም ይባላል። በ2023 በቁልቁለት ስኪ የዓለም ሻምፒዮና፣ በስላሎም አሜሪካዊቷን ሚካኤላ ሺፍሪንን ቀድማ ወርቅ የወሰደችው ካናዳዊቷ ሎራንስ ሳንዠርማን ለቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ስትወዳደር የነበረች ተማሪ ናት። እኛን የሚነካን ደግሞ ሦስተኛው ምሳሌ ነው፤ በረዶ በማያውቅ አገር የተወለደው የአዲስ አበባው ልጅ በዚያው ቅዳሜና እሑድ ተራ ውስጥ አልፎ የአገሩን ባንዲራ ይዞ ገባ።

ይህን ከጎረቤታችን ከኬንያ ጋር እናስተያየው። ፊሊፕ ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር። አንድ የስፖርት ዕቃ ኩባንያ ገንዘብ አወጣ፤ ቦይት ወደ ፊንላንድ ተወስዶ ስኪ ተማረ። በ1998 ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር የመጨረሻ ሆኖ ገባ። አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ መስመሩ ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ያ ምስል ዓለምን ዞረ፤ ቦይትም በ2002 እና በ2006 ተመልሶ ተወዳደረ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ሰውዬውም የሚከበር ሰው ነው። ግን መንገዱ የአንድ ሰው መንገድ ነበር። ኩባንያ የከፈተው መንገድ ኩባንያው ሲሄድ ይዘጋል። የሮቤልስ መንገድ? እሱ ካለፈ በኋላም መንገዱ እዚያው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ልጅ ይነሣበታል። የሚያሳዝነው፣ መንገዱ ያለው አሜሪካ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ።

ጎጃም ሯጭ አጥቶ አያውቅም። ውዴ አያሌው በ2009 በርሊን ላይ በ10,000 ሜትር ለኢትዮጵያ ነሐስ አመጣች። እህቷ ሕይወት አያሌው በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ተወዳድራለች። ሁለቱም የጎጃም ልጆች ናቸው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ከ2,000 ሜትር በላይ። ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ከወጣችሁ ደግሞ ከፍታው ራሱ አሠልጣኝ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ ሲረፍድበት ይሮጣል። ይህን ሁሉ ደጋግመን ሰምተነዋል፣ እኛም ደጋግመን ጽፈነዋል።

የሌለን ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ነው። በእኛ አሠራር የተማሪ ውድድር ማለት ምርጫ ማለት ነው። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል። አንድ ሳምንት ይካሄዳል፣ አንደኛ የወጣው ይወሰዳል፣ ሌላው ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቃ። አራተኛ የወጣችው ልጅ ከዚያ በኋላ ጫማዋን ለማን ብላ ታስራለች? የተወሰደውም ቢሆን ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ክለቦች ነው፤ ንግድ ባንክ፣ መቻል፣ ኤሌክትሪክ። ከቀናው እሰየው። ካልቀናው ትምህርቱንም ትቶት ስለሄደ ሁለቱንም አጥቶ ነው የሚመለሰው። "ወይ ደብተርህን ወይ እግርህን ምረጥ" የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የእነዚያ ኮሌጆች ማኅበር ያፈረሰው ይህንን ሕግ ነው። ቅዳሜ ተወዳድሮ ሰኞ ክፍል የሚገባ ልጅ መምረጥ አላስፈለገውም።

"ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው" የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ስኪ ውድ ነው፣ ኮሌጆቹም ሀብታሞች ናቸው፣ ተወዳዳሪዎቹም በአብዛኛው የደህና ቤት ልጆች ናቸው። እኛ ግን ከእነሱ ልንወስድ የምንፈልገው መሣሪያውን አይደለም። የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ የማይዛነፍ ቀን፣ ተራ በተራ ማስተናገድ፣ የሦስት ሰው ነጥብ። ሦስቱም ከወረቀትና ከፉጨት የበለጠ ወጪ የላቸውም። ለሩጫ ደግሞ በረዶ አያስፈልግም። ሜዳ ያስፈልጋል፤ ሜዳ ደግሞ ከጥር ጀምሮ ሞልቷል። ያዙልን ያልናችሁ ይህቺን ነበር፤ የእነሱ የውድድር ወራት የእኛ በጋ ነው።

መልክዓ ምድሩም ቢሆን ለእኛ አድልቷል። ካርታ አውጡና እዩ። ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፤ ሁሉም ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው በአንድ አስፋልት ላይ እንደ ዶቃ የተሰኩ ናቸው። በሰላሙ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ ቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። የስፖርት ሳይንስ ተማሪም መምህርም አይጠፋም። ጠዋት ተነሥቶ፣ ተወዳድሮ፣ ማታ ቤቱ የሚገባ ቡድን ለማሰብ ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

"እኛ እንዲህ ያለ ነገር አብረን መዝለቅ አንችልም" ለሚለውም መልስ አለን። እንጅባራ ሂዱ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ። በየዓመቱ ጥር 23 አባላቱ ፈረሳቸውን ሸልመው ይወጣሉ፣ ይጋልባሉ፣ ጉግስ ይጫወታሉ። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ማኅበሩ አለ። ለምን አለ? ቀኑ የታወቀ ነው፣ አባሉ ሁሉ የራሱን ፈረስ ይዞ ይመጣል፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ አይደለም። የገና ጨዋታም እንዲሁ ነው። ገና ሲደርስ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ያለ ማንም ደብዳቤ ይጋጠማል፤ በዚያ ቀን ጌታ እንኳን ቢመታ አይቆጣም። እንግዲህ የታወቀ ቀን፣ የሰፈር ፉክክርና የሁሉም ድርሻ ለእኛ ፈረንጅ ያመጣው ነገር አይደለም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ማስገባቱ ብቻ ነው የቀረን።

ከሁሉ በላይ ግን የሴቶቹ ነጥብ ነው ልባችንን የሚይዘው። በአማራ ክልል ገጠር ያለዕድሜ ጋብቻ ስንት ልጅ ከክፍል እንዳወጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አሁን አስቡት፤ የአንድ ትምህርት ቤት ጠቅላላ ውጤት በሦስት ሴት ልጆች ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን። ሦስተኛዋ ልጅ አንድ ቅዳሜ ብትቀር ርዕሰ መምህሩ ይጠይቃል፣ የስፖርት መምህሩ ይጠይቃል፣ ወንዶቹም ሳይቀሩ "የት ሄደች?" ይላሉ፤ እሷ ከሌለች እነሱም ይሸነፋሉና። ሽማግሌ ተልኮ "ልጃችሁን ዳሩልን" ሲባል አባት የሚመልሰው አንድ ተጨማሪ ቃል ያገኛል፤ "ትምህርት ቤቷ ይፈልጋታል"። የነጥብ ሠንጠረዥ ሕግ አይተካም፣ ድህነትንም አያጠፋም። ግን ልጅቷ እንዳትረሳ ያደርጋል። የማትረሳ ልጅ ደግሞ በቀላሉ አትወሰድም።

እዚህ ላይ ማለፍ የማንችለው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮችን ጠቅሰው የዜና ተቋማት ዘግበዋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ራቁ። የሰላም መንገድ የሚል ስም በተሸከመች ከተማ መንገዱ ራሱ የሚያስፈራ ሆነ። ታዲያ በዚህ ሁኔታ ስለ ሩጫ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?

እኛም ይህን እርስ በርሳችን ተጨቃጭቀንበታል። አንዳንዶቻችን "መጀመሪያ ሰላም፣ መጀመሪያ ክፍል" አልን። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ልጅን አደገኛ መንገድ ላይ ጭኖ ለውድድር መላክ ጀግንነት አይባልም፤ እኛም እንዲያ አላልንም። ሌሎቻችን ደግሞ የሚከተለውን አልን፤ ሁላችንም በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጁን የሚመልሰው ደወል ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስት ዓመት ያቋረጠ የ16 ዓመት ልጅ ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጦ ለመማር ያፍራል። እርሻ ለምዷል፣ ሥራ ለምዷል፣ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ለምዷል። ለዚህ ልጅ ክፍሉ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ያስፈልገዋል፤ ስሙ የሚጠራበት ቡድን፣ የሚናፍቀው ቅዳሜ። ስለዚህ ውድድሩን ከሰላም በኋላ የሚመጣ ጌጥ አድርገን አናየውም። ትምህርት በሚመለስበት ቀን አብሮ መመለስ ያለበት ነገር ነው። ዕቅዱም ዛሬ ወረቀት ላይ መኖር አለበት።

ዕቅዱ ምን ይመስላል? እኛ ብንጠየቅ በትንሹ እንጀምረው እንላለን። መጀመሪያ በከተማ ውስጥ፤ መንገድ የማያሻግር፣ የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤቶች ከፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ ከቡሬ። ከጥር እስከ መጋቢት፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት። አራት ሩጫ፤ የሴቶች አጭርና ረጅም፣ የወንዶች አጭርና ረጅም። ከእያንዳንዱ ሩጫ የሦስት ልጅ ነጥብ፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ውጤት። ውጤቱ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ይነበብ። ከክፍል የቀረ አይሮጥ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከተማው ከከተማው ይጋጠም፤ አንድ ጊዜ ቡሬ፣ አንድ ጊዜ ደምበጫ፣ አንድ ጊዜ እንጅባራ። ኮሌጆቹ ዳኛና ሰዓት ያዥ ይላኩ፤ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎቻቸው ልምምድ ያገኙበታል። ተረኛው ከተማ ውኃና ቆሎ ያቅርብ። ዋንጫ የግድ አይደለም።

ይህንን የምናነበው ከተሜዎቹ እኛስ? አብዛኞቻችን ከአንዱ ገጠር የመጣን ወይም ወላጆቻችን የመጡ ነን። ለሠርግና ለለቅሶ መዋጮ እናውቃለን። ለተማርንበት ትምህርት ቤት የሰዓት መያዣና የደረት ቁጥር መግዛት ከአንድ ቅዳሜ ምሽት ወጪያችን አይበልጥም። ግን ከገንዘቡም በላይ አንድ ልማድ እንተው፤ አንደኛ የወጣውን ብቻ መጠየቅ። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል "ማን አሸነፈ?" ከማለት ይልቅ "ሦስተኛችሁ ማን ነው? እሷስ ስንተኛ ወጣች?" እንበል።

ያቺ ሦስተኛዋ ልጅ ኦሎምፒክ ላትደርስ ትችላለች። አስተማሪ ልትሆን ትችላለች፣ ነርስ ልትሆን ትችላለች። 10ኛ ክፍልን ሳታቋርጥ መጨረሷ ብቻውን ለእኛ ከነሐስ በላይ ነው።

ቸር እንሰንብት።